እባብ ያየ በልጥ ለምን በረየ?

ወሩ ኅዳር ነበር። በቆሎ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብለን በብር ወንዝ በኩል ባለው ገጠር ስንሄድ መሸብን። ሦስት ነበርን። ከፊት የሚሄደው ባልደረባችን በድንገት ወደ ኋላ ዘለለና እላያችን ላይ ወደቀ። «እባብ!» አለ። በትር አነሣን። ቀስ ብለን ጠጋ አልን። አንድ ገበሬ የጣለው የጠፍር ቁራጭ ነበር።

ሳቅን። እሱም ሳቀ። ልቡ ግን ገና እየመታ ነበር።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል። ልክ ነው፤ አንዴ የደነገጠ ሰው ሁለተኛ ይጠነቀቃል። ነገር ግን ባልደረባችን ከተማ ተወልዶ ከተማ ያደገ ሰው ነው። በዕድሜው እባብ ነድፎት አያውቅም። ታዲያ እግሩ ከዓይኑ ቀድሞ እንዴት ዘለለ? ማን አስተማረው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ፣ እጅግ ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለ ቦታ፣ የድንቅነሽ አጥንት ተገኘ። ድንቅነሽ የኖረችው ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ቁመቷ ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ጦር የላት፣ እሳት የላት፣ ቤት የላት። ሲመሽ ነብሩም ጅቡም ይወጣል። እንግዲህ እናንተው አስቡት።

እንዲህ ያሉት ፍጥረቶች በአውሬ ይበሉ እንደነበር ምስክሩ አጥንታቸው ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ ታውንግ በተባለ ቦታ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1924 የአንድ ሕፃን ራስ ቅል ተገኝቶ ነበር። በኋላ ምሁራን መርምረው ትልቅ ንስር ሳይሆን አይቀርም የገደለው ብለዋል፤ የንስር ጥፍርና ምንቃር የሚተወው ዓይነት ምልክት በዓይኑ ጎድጓዳ ላይ አለ። በዚያው አገር በተገኘ በሌላ ራስ ቅል ላይ ደግሞ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። የነብር ክራንቻ ቢያስገቡባቸው ልክ ገባ።

ገበሬ ዘር ሲመርጥ ምን ያደርጋል? ነቀዝ ያልነካውን፣ ውርጭ የቻለውን ለዘር ያስቀምጣል። ከዓመት ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ዘሩ ይለወጣል። በዱር ግን መራጭ ሰው የለም። የሚመርጠው ነብሩና እባቡ ነው። ሣር ሲንኮሻኮሽ ፈጥኖ የዘለለው ተርፎ ልጅ ወለደ። «ምን ይሆን?» ብሎ የቆመው ብዙ ጊዜ ሳይወልድ ቀረ። እኛ የቶሎ ደንጋጮች ልጆች ነን። ገመድ አይቶ በከንቱ መዝለል ዋጋው ትንሽ ነው፤ እባብ አይቶ አለመዝለል ግን ነፍስ ያስከፍላል። ስለዚህ ሰውነታችን በከንቱ መደንገጡን መረጠ።

በኦሪት ዘፍጥረት በእባብና በሴት ዘር መካከል ጠላትነት እንደተደረገ ተጽፏል፤ ይህን አባቶች ያውቁታል። የሳይንስ ሰዎች ደግሞ በራሳቸው መንገድ ሄደው ጥያቄውን መርምረዋል። ሊን ኢስቤል የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በፈረንጅ 2006 እንዲህ ብላ ጻፈች፦ የዝንጀሮ፣ የጦጣና የሰው ዓይን እንዲህ ጥርት አድርጎ ማየት የቻለው እባብን ከሣር ውስጥ ለይቶ ለማየት ሲል ነው። ሁሉም ምሁር አልተቀበላትም። ክርክሩ አላለቀም።

አሁን ስለ ጦጣ እናውራ። ቡሬ ላይ በቆሎ የጠበቀ ሰው ጦጣን ከመጽሐፍ ይልቅ ያውቃታል። ማማ ላይ ተቀምጦ ወንጭፍ ይዞ ስንቴ ተጣልቷታል! የሷን የቅርብ ዘመድ በኬንያ፣ በአምቦሴሊ፣ ሦስት ምሁራን አጥንተዋታል። ሮበርት ሳይፋርት፣ ዶሮቲ ቼኒና ፒተር ማርለር ይባላሉ። ያገኙትን በ1980 በፈረንጅ አሳተሙ። ጦጣዋ ነብር ስታይ አንድ ዓይነት ድምፅ ታሰማለች፤ ጓደኞቿ ዛፍ ላይ ይወጣሉ። ንስር ስታይ ሌላ ድምፅ ታሰማለች፤ ወደ ሰማይ ያያሉ፣ ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባሉ። እባብ ስታይ ደግሞ ሦስተኛ ድምፅ አላት፤ በኋላ እግራቸው ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ። ምሁራኑ ድምፁን ቀድተው፣ ነብርም እባብም በሌለበት አሰሟቸው። ጦጣዎቹ ያንኑ አደረጉ።

ግልገሎቹ ግን ይሳሳታሉ። ምንም የማታደርግ ወፍ አይተው «ንስር!» ይላሉ። አንዳንዴም ቅጠል ሲወድቅ ይጮኻሉ። ትልልቆቹ ቀና ብለው አይተው ዝም ይላሉ። ግልገሉም እያደገ ሲሄድ የትኛው እንደሚፈራ ይለያል። እንግዲህ ፍርሃት ሁሉ አብሮ አይወለድም ማለት ነው።

ይህን ነገር ሱዛን ሚኔካ የተባለች አሜሪካዊት በ1980ዎቹ አጥብቃ መረመረች። ሰው እጅ ያደጉ ዝንጀሮዎች ነበሩ። እባብ አይተው አያውቁም፤ ስለዚህም አልፈሩም። እባብ ባለበት ላይ እጃቸውን ዘርግተው ምግብ ያነሡ ነበር። ከዚያ ዱር የተወለደ ዝንጀሮ እባብ አይቶ ሲደነግጥ አሳየቻቸው። ወዲያው ፈሩ። ከሦስት ወር በኋላም ፍርሃቱ አለቀቃቸውም። ቀጥሎ ብልሃት ሠራች። ፊልሙን ቆራርጣ ዝንጀሮው አበባ አይቶ የደነገጠ አስመሰለች። ያዩት ዝንጀሮዎች አበባን አልፈሩም! የእባብ አሻንጉሊት ሲሆን ፈሩ፤ የአዞ ሲሆን ፈሩ፤ የጥንቸል ሲሆን አልፈሩም።

የሰው ልጅም ከዚህ አይርቅም ይመስላል። ጀርመን ላይ የስድስት ወር ሕፃናትን የእባብና የሸረሪት ሥዕል ቢያሳዩዋቸው የዓይናቸው ብሌን ሰፋ። ዓሣና አበባ ሲያዩ እንደዚያ አልሰፋም። ሕፃኑ አላለቀሰም፤ ልብ አለ እንጂ። ቀሪውን እናት ትጨምርበታለች። «ጅብ መጣልህ!» ብለን ስንቱን ልጅ አስተኝተናል!

በነገራችን ላይ ይህ የጅብ ፍርሃት ክፉም ሥራ ሠርቷል። «እገሌ ማታ ጅብ ይሆናል» እየተባለ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ ሲገለሉ ኖረዋል። ማረሻውን የሚሠራልን ሰው እኮ ነው! ሰው ጅብ አይሆንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ሰውነታችን የጥንቱን ጠላት ያውቃል፤ በየቤቱ ያለውን ገዳይ ግን አያውቅም። እባብ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው ይገድላል ይባላል። ወባ ግን 600 ሺህ ያህል ይገድላል። ቢምቢ አይቶ የሚዘል ሰው አያችሁ? በእጁ ቸብ አድርጎ ይተኛል። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 150 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል። ይህን ያህል ሰው የገደለ ነብር የለም።

ለምን አልፈራናትም? እባብ ሲነድፍ ሕመሙ ወዲያው ነው። ቢምቢ ስትነድፍ ግን ትኩሳቱ የሚመጣው ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ማን ያገናኘዋል? ሮናልድ ሮስ የተባለ ሐኪም ሕንድ አገር የወባን ተውሳክ በቢምቢ ሆድ ውስጥ ያገኘው በፈረንጅ 1897 ነው። አያቶቻችን ንዳድን ይፈሩ ነበር፤ ቆላ ወርደው አርሰው ሲመሽ ደጋ ይመለሱ ነበር። የፈሩት አገሩን ነው እንጂ ቢምቢዋን አልነበረም። እንዲያም ሆኖ ብዙዎችን አድኗል።

ውሻም እንዲሁ ነው። አብሮን ስለሚኖር አንፈራውም። የእብድ ውሻ በሽታ ግን በየዓመቱ በዓለም 59 ሺህ ያህል ሰው ይገድላል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውሻ ንክሻ ነው። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ይጠብ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ክትባት አለው። ውሻው እስኪሞት አይጠበቅም። ጠበሉም ይኑር፤ ክትባቱ ግን አይቅር።

እባብ የነደፈውን ሰው ደግሞ አትብጡት፤ ደሙን በአፍ አትምጠጡ፤ በገመድም አጥብቃችሁ አትሠሩት። ቀለበትና አምባር አውልቁለት። አይሩጥ። በቃሬዛ ተሸክማችሁ ውሰዱት። እባቡንም ለመግደል አትከተሉት። ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነደፈው፤ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ።

በማግሥቱ ጠዋት በዚያው መንገድ ተመለስን። ጠፍሩ እዚያው ወድቋል። ፀሐይ ወጥቷል፤ ምን እንደሆነም ሦስታችንም እናውቃለን። ባልደረባችን ግን በዳር በዳር ዞሮ አለፈ። እኛም ተከተልነው።