ሐሳቡ ሞልቶ እጁ ለሚዘገይ ተማሪ፦ በድምፅ መጻፊያ መሣሪያዎች አጠቃቀም

አንድ ተማሪ «ጽሑፍ አይሆንለትም» ሲባል አንድ የሚመስለው ችግር ቀርቦ ሲፈተሽ ብዙ ሆኖ ይገኛል። መጻፍ ሐሳብን ማፍለቅን፣ በቅደም ተከተል ማደራጀትን፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ተገቢውን ፊደል መምረጥንና በእጅ መቅረጽን በአንድነት ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ ሲደክም ሌሎቹም አብረው ይቆማሉ። በፕሮጀክት አካባቢዎች ስንዘዋወር ከመምህራን ደጋግመን የምንሰማው «በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል፤ ወረቀቱ ግን ባዶ ነው» የሚለውን ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ይታለፋል፤ ክፍል ይደግማል፤ ውሎ አድሮም ትምህርቱን ትቶ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ ይወጣል።

ምክንያቱ ከልጅ ልጅ ይለያያል። ዲስሌክሲያ የሚባለው ንባብንና የቃላትን አጻጻፍ የሚያውክ፣ ዲስግራፊያ የሚባለው ደግሞ የእጅ ጽሕፈትን የሚያውክ ችግር አለ፤ ሁለቱም የማስተዋል ጉድለት አይደሉም። የእጅ ጉዳት ወይም የዐይን ድካም ያለበትም አለ። በመሆኑም መምህሩ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ልጅ የሚቸገረው በየትኛው ላይ ነው?» ብሎ ነው።

ሐሳብን ከእጅ ሥራ ለይቶ መመልከት ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ለመምህሩም በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም በጆሮው ሰምቶ ያርመዋል። ቅኔው ሲቆጠር ብራናም ቀለምም አያስፈልግም። ቁም ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ምሥጢር የሚያራቅቅ ሊቅ ሁሉ ቁም ጸሐፊ እንዲሆን የጠየቀ አልነበረም። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው መሣሪያም ለተቸገረው ተማሪ የሚሠራለት የቁም ጸሐፊውን ሥራ ነው። ቅኔውን ግን አይቆጥርለትም፤ ሐሳቡ የተማሪው የራሱ ሆኖ ይቀራል።

ጎግል በድምፅ የመጻፍ አገልግሎቱ ላይ አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በአንድሮይድ ስልክ ጂቦርድ በተባለው የመጻፊያ መተግበሪያ ቅንብር ውስጥ ገብቶ አማርኛን መምረጥ፣ የድምፅ መጻፊያውም ቋንቋ አማርኛ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከዚያም የማይክሮፎኑን ምልክት ነክቶ መናገር ነው። የተጻፈውን መልሶ ለማንበብ ደግሞ ማይክሮሶፍት አማርኛ የሚናገሩ የወንድና የሴት ድምፆችን አዘጋጅቷል።

ስለ ፊደላችን ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ መሣሪያው በጆሮ ሊለያቸው አይችልም፤ በልማድ የበዛውን ይጽፋል። በግእዝ «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ ማለት ነው፤ «ሠረቀ» ወጣ ወይም በራ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ያው የምናውቀው ሌብነት ነው። ይህን ፊደል በማሳሳት የንባብ ቤት መምህሩን ተግሣጽ የቀመሰ አንባቢ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ስለዚህ ልዩነቱን የማስተማሩ ኃላፊነት ከመምህሩ ትከሻ አይወርድም።

በሚያነብበው መሣሪያ በኩል ያለው እንቅፋት ደግሞ ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አለማሳየቱ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው፣ ሲላላ ግን ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። መሣሪያው ከዐውዱ ገምቶ ስለሚያነብ አንዳንድ ጊዜ ይስታል። ተማሪው ስሕተቱን ሰምቶ «እንዲህ አይደለም» ካለ፣ እኛ እንደምናየው ይህ ራሱ ጥሩ የንባብ ትምህርት ነው።

በክፍል ውስጥ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። ተማሪው ሊጽፍ ያሰበውን በመጀመሪያ ለጓደኛው በቃል ይንገር። ቀጥሎ ለስልኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ ያቁም። ሳያቋርጥ የሚናገር ልጅ «ከዚያ፣ ከዚያ» እያለ ማሠሪያ አንቀጽ የሌለው ረጅም ሐረግ ይደረድራል፤ መሣሪያውም አራት ነጥብና ነጠላ ሠረዝን በተገቢው ቦታ ለማስገባት የሚታመን አይደለም። ሥርዓተ ነጥቡን ተማሪው ራሱ ያስገባ። ከዚያም ጽሑፉ ሲነበብ ያዳምጥ፤ ዐይኑ የዘለለውን የተደገመ ወይም የጎደለ ቃል ጆሮው ይይዘዋል። ከታረመ በኋላ አንዱን አንቀጽ በእጁ ይገልብጥ። ይህ የመጨረሻው ክፍል እንዳይቀር አጥብቀን እናሳስባለን፤ እጅ የሚፈታው በመልመድ ነውና። ፊደል በመቁጠር ላይ ላለ ሕፃን ግን ስልኩ አይቅረብ፤ እርሱ ገና ሀሁና አቡጊዳ ይቀድሙታል።

እርማቱም ሊለይ ይገባል። መምህሩ ለሐሳቡ አንድ፣ ለአጻጻፉ ሌላ ውጤት ቢሰጥ ልጁ የጎደለው የትኛው እንደሆነ ይረዳል።

አገልግሎቱ በአብዛኛው የኢንተርኔት መስመር ይፈልጋል፤ መስመር በሌለበት አካባቢ የልጁን ቃል ሰምቶ የሚጽፍ ሰው፣ ለምሳሌ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ድምፁ ተቀድቶ ወደ ድርጅቱ ኮምፒውተር ሊሄድ ስለሚችል ልጆች የቤተሰባቸውን ምሥጢር በስልኩ እንዳይናገሩ መንገርና የወላጅን ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ነው። ዓመቱን ሙሉ በድምፁ ሲጽፍ የቆየ ተማሪ በፈተና ቀን ብዕር ብቻ ቢሰጠው የተገነባው ይፈርሳል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ24ኛው አንቀጹ ለተማሪው እንደ ፍላጎቱ ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ይደነግጋል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩና ወላጆች ተጨማሪ ሰዓት ወይም ቃሉን ተቀብሎ የሚጽፍ ረዳት እንዲፈቀድ ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ማቅረብ ያለባቸው የፈተናው ሳምንት ሲደርስ ሳይሆን በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከጥያቄውም ጋር ተማሪው በእጁ የጻፈውንና በድምፁ ያጻፈውን ጎን ለጎን አያይዘው ቢያቀርቡ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።