ራስ ደስታ ዳምጠው፤ መልእክተኛና አገረ ገዥ

የጌዴኦ አገር በደቡብ በኩል ገደብ በተባለው ወረዳ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የጉጂ ምድር ነው፤ ከጉጂም ቀጥሎ ወደ ቦረናና ወደ ኬንያ ጠረፍ የሚያወርደው ሰፊ ቆላ ይዘረጋል። ደጋው እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚበቅሉበት ሲሆን፥ ይህ በገበሬው ጥበብ የተበጀ ምድር በመስከረም 2016 ዓ. ም. ከዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ነገር ግን አገሩ በቡናውና በእንሰቱ ብቻ የሚነሣ አይደለም። ደራሳ እየተባለ በሲዳሞ ግዛት ሥር ይተዳደር በነበረበት ዘመን ገዥው የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው ናቸው። እኒህ ሰው በመልእክተኛነት ባሕር ተሻግረው በክብር የተመለሱ፥ ኋላም በግዛታቸው ጦር ይዘው እስከ ሞት የተዋጉ መኰንን ስለ ሆኑ፥ ታሪካቸው በመንግሥት ሥራ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ሊመረመር የሚገባው ነው።

መልእክተኛነት በቤታቸው አዲስ ነገር አልነበረም። በ1887 ዓ. ም. ዳግማዊ ምኒልክ ወደ መስኮብ ንጉሥ ወደ ዳግማዊ ኒቆላዎስ የላኩትን ጓድ የመሩት አባታቸው ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ኢጣልያ በውጫሌው ውል ምክንያት ኢትዮጵያ ከሌላ መንግሥት ጋራ የምትጻጻፈው በእኔ በኩል ብቻ ነው እያለች ትከራከር ስለ ነበር፥ መልእክተኞቹ በራሳቸው ወደ ጴጥሮስ ከተማ መድረሳቸው ብቻውን ለክርክሩ መልስ ነበር። የፊታውራሪው ዕድሜ ግን አልረዘመም። ከመስኮብ በተመለሱ በዓመቱ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዐድዋ ጦርነት ላይ ወደቁ። ልጃቸው ደስታ በዚያን ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ።

ራስ ደስታ በቤተ መንግሥት አድገው፥ ኋላም ከራስ ተፈሪ መኰንን ዘንድ በአገልግሎት ቆይተው፥ የልዑሉን ልጅ ልዕልት ተናኘ ወርቅን አገቡ። ጋብቻው የመንግሥትንም ጉዳይ የተመለከተ እንደ ነበረ አይካድም። ሆኖም የተሰጣቸውን ሥራ በዝምድና ብቻ ያገኙት እንዳልሆነ የኋላው ነገር ያስረዳል። በ1924 ዓ. ም. አካባቢ የራስነትን ማዕርግ ተቀብለው የሲዳሞና የቦረና ገዥ ሆኑ። የግዛቱንም መቀመጫ ደጃዝማች ባልቻ ከቆረቆሩት ከሀገረ ሰላም ብርድ አንሥተው ወደ ይርጋለም አወረዱት። ዲላም በጌዴኦ ቡና ምክንያት የነጋዴ መሰብሰቢያ እየሆነች የሄደችው በእነዚህ ዓመታት ነው።

በ1925 ዓ. ም. ክረምት ራስ ደስታ የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ አሜሪካ ተጓዙ። የጉዞው ምክንያት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ. ም. በተፈጸመው የዘውድ በዓል የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ልዩ እንደራሴ ልከው ስለ ነበር ለዚያ ምላሽ ማድረስ ነው። ከዚያ በፊት በ1911 ዓ. ም. ደጃዝማች ናደው የመሩት መልእክት ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ፊት ቀርቦ ስለ ነበር፥ ራስ ደስታ ለመንገዱ የመጀመሪያ አልነበሩም። በዋሽንግተንም በዚያው ዓመት ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፕሬዚዳንቱ ቤት ተቀበሏቸው። የአሜሪካ ጋዜጦችም የጥቁር መንግሥት ልዑል መጣ እያሉ ሥዕላቸውን አወጡ፤ ነገሩ በዚያ አገር ጥቁሮች ላይ ሕጉ ራሱ አድልዎ ያደርግ በነበረበት ዘመን መሆኑን ያስታወሰ ሰው፥ በፕሬዚዳንቱ ደጃፍ የተደረገው አቀባበል ምን ያህል እንግዳ እንደ ነበረ ይረዳዋል።

እዚህ ላይ ግን የመልእክት ሥራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚለየው አንድ ነገር አለ። የአክብሮት ደብዳቤ ሌላ ነው፤ የውል ደብዳቤ ሌላ ነው። ራስ ደስታ ያደረሱትም የተቀበሉትም የፊተኛውን ነው። ልዩነቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ተገለጠ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ. ም. በወልወል የውሃ ጕድጓዶች አጠገብ ግጭት ተነሣ፤ ኢጣልያም ጦር በምፅዋና በመቋዲሾ ማራገፍ ጀመረች። በ1920 ዓ. ም. ነሐሴ ወር መንግሥታት በፓሪስ ተሰብስበው ጦርነትን የመንግሥት ሥራ ማስፈጸሚያ አናደርግም ብለው በአሜሪካ መሪነት የተፈራረሙት ውል ነበር፤ ኢትዮጵያም ኢጣልያም ገብተውበታል። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1927 ዓ. ም. ይህን ውል ጠቅሰው ለአሜሪካ መንግሥት አመለከቱ። የተመለሰውም ቃል፥ ከሁለቱ ወገን አንዱ እንኳ ከሰላም መንገድ ይወጣል ብለን ለማመን እንቸገራለን የሚል ሐሳብ ያለው ነበር። በነሐሴም ለተዋጊዎች ሁሉ መሣሪያ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ በአሜሪካ ወጣ። ሕጉ ሁለቱን እኩል ይከለክላል፤ ዳሩ ግን የመድፍ ፋብሪካ ያላትንና የሌላትን እኩል መከልከል ማንን እንደሚጎዳ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ. ም. ጀምሮ አባል የሆነችበት የመንግሥታት ማኅበርም በኢጣልያ ላይ ያወጀው የንግድ ቅጣት ነዳጅ ዘይትን ሳይጨምር ቀረ። ስለ እውነት ለመመስከር ያህል፥ አሜሪካ የኢጣልያን ወረራ ሕጋዊ ነው ብላ በኋላም ፈጽሞ አልተቀበለችም፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ መንግሥታት ግን ተቀብለው ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. ጦርነቱ ሲጀመር የደቡቡ ግንባር ለራስ ደስታ ተሰጠ። ጦራቸው ከሲዳሞ ደጋ ወደ ነጌሌ፥ ከዚያም ገናሌን ተከትሎ በሶማሌ ጠረፍ ወዳለችው ወደ ዶሎ ወረደ። በብርድ አገር የኖረ ወታደር ውሃ በሌለበት ቆላ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በእግሩ ሲጓዝ ስንቁ በመንገድ አለቀ፤ በሽታም ገባበት። ከበላዩ የጄኔራል ግራዚያኒ አይሮፕላኖች ቦምብና የሰናፍጭ ጋዝ ያወርዱበት ነበር። ከጦሩ ጋራ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪሞች በመልካ ዲዳ ድንኳን ተክለው ቁስለኛ ያክሙ ነበር፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ. ም. ምልክቱ እየታየ ያ ሆስፒታል በቦምብ ተደበደበ። ቁስለኞች በአልጋቸው ላይ ሞቱ፤ ከስዊድኖቹም አንዱ ሞተ። ኢጣልያ የተማረከ አየር ነጂዬ ስለ ተገደለ ነው ስትል ምክንያት አቀረበች፤ ይሁን እንጂ የአንድ ምርኮኛ ሞት በሆስፒታል ድንኳን ላይ ቦምብ ለመጣል ምክንያት ሊሆን እንደማይችል በጊዜው ዓለም ሁሉ ተናግሮበታል። ከጥር 3 ቀን ጀምሮ ግራዚያኒ በተሽከርካሪ ጦር አጠቃ፤ ጥር 11 ቀን ነጌሌ ተያዘች። ራስ ደስታ የተረፈውን ሠራዊት ይዘው ወደ ደጋው ተመለሱ።

በሚያዝያ 1928 ዓ. ም. መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ሄዱ፤ አዲስ አበባም በጠላት እጅ ገባች። ለራስ ደስታ የኬንያ ጠረፍ ሩቅ አልነበረም፤ ከደራሳ ደጋ ወደ ቦረና፥ ከቦረናም ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ የራሳቸው ግዛት መንገድ ነበር። ቋንቋና የውጭ አገር ሥርዐት የሚያውቁ፥ በፕሬዚዳንት ፊት የቆሙ ሰው በስደት ቢሆኑ የሚሠሩት ሥራ አያጡም ነበር። እርሳቸው ግን ቀሩ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪና የባሌው ገዥ ደጃዝማች በየነ መርዕድ አብረዋቸው ነበሩ፤ ከኢጣልያ ጦር ከድተው የመጡ ኤርትራውያን ወታደሮችም ተጨምረዋል። ከነጌሌ በላይ ባለው በዋደራ ደን ጠላትን ለብዙ ጊዜ ገትተው ያዙ። ግራዚያኒ ይግቡ እያለ መልእክት ላከባቸው፤ ንግግርም ተጀምሮ ነበር፤ ሳይፈጸም ቀረ። የቃልን ዋጋ በዋሽንግተንና በጄኔቭ አይተውት ስለ ነበረ በጠላት ቃል ለመታመን መቸገራቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፈውን ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። የራስ ደስታን ጦር ያደከመው አይሮፕላን ብቻ አልነበረም። በሲዳሞና በደራሳ የሰፈረው ወታደር ደመወዙን የሚቀበለው በገንዘብ ሳይሆን በገባር ነበር። የጌዴኦ ገበሬ ለተመደበለት ነፍጠኛ እህል ይሰፍራል፤ ማር ያገባል፤ እንጨት ይሸከማል፤ አጥር ያጥራል፤ ሚስቱም ትፈጫለች። ይህን ሥርዐት ራስ ደስታ አላቆሙትም፤ ከእርሳቸው በፊት የተተከለ ነው። ነገር ግን በእርሳቸውም ዘመን ጸንቶ ኖረ፤ ከበታቻቸውም ያለው ወታደር በእርሱ ይኖር ነበር። ኢጣልያም ይህን አወቀች። ገባርነትን ሽሬያለሁ እያለች ለገበሬው አስነገረች፤ ያደረገችው ለገበሬው አዝና ሳይሆን ወታደሩን ከሚቀልበው ሰው ለመለየት ነው። በደቡብ በብዙ ስፍራ ገበሬው ለገዥዎቹ ጦር ስንቅ ማቅረብ አቆመ፤ በአንዳንዱም ስፍራ ተነሣባቸው። በመንግሥታት ማኅበር ፊት ኢትዮጵያ የጮኸችው ብርቱው ደካማውን በጕልበት እንዳይገዛው ነበር፤ የጌዴኦ ገባርም የሚያሰማበት ሸንጎ ቢያገኝ ይጮኸው የነበረው ይህንኑ ነው። በዚህ ረገድ ራስ ደስታን ብቻ መክሰስ ፍርድ ማጓደል ይሆናል፤ ጨርሶ ነጻ ማድረግም እንዲሁ።

በኅዳር 1929 ዓ. ም. ይርጋለም ተያዘች። ከዚያ በኋላ የራስ ደስታ ጦር ከደቡብም ከሰሜንም እየተገፋ፥ ስንቁና ጥይቱ እያለቀ፥ በሐይቆቹ አገር በኩል ወደ ጉራጌ አቀና። በየካቲት አጋማሽ በቡታጅራ አጠገብ ጎጌቲ ላይ ተከቦ ተመታ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም እዚያ ወደቁ፤ ስማቸው ዛሬ በአዲስ አበባ በሚገኘው የፈረንሳዮች ትምህርት ቤት ላይ ይጠራል፤ ከተማሪዎቹ ስንቶቹ ሰውየው የት እንደ ወደቁ እንደሚያውቁ ግን ያጠራጥራል። ደጃዝማች በየነ መርዕድም አለፉ። ራስ ደስታ ቆስለው ቢያመልጡም ብዙ ሳይርቁ ተያዙ። በዚያው ሰሞን የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጥሎ ከተማይቱ በደም ትታጠብ ነበርና ለምርኮኛ ምሕረት የሚያስብ አልነበረም። የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ. ም. በቡታጅራ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። አባታቸው በዐድዋ ከሞቱ አርባ አንድ ዓመት ሆኖ ነበር፤ ሁለቱም የሞቱት በየካቲት፥ ሁለቱም ከአንድ ጠላት ጋራ ሲዋጉ ነው።

ከነጻነት በኋላ በአዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል በስማቸው ተሰየመ፤ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል። በግዛታቸው የቀረው ጉዳይ ግን በቶሎ አልተዘጋም። በ1937 ዓ. ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የገባሩን አገልግሎት ሻረ፤ መሬቱ ግን በባለመሬቱ እጅ ስለ ቀረ የጌዴኦ ገበሬ ከገባርነት ወደ ጭሰኛነት ተዛወረ። በ1952 ዓ. ም. ስለ ቡናው ድርሻ በተነሣው ጠብ በሚጪሌ ጦርና ዱላ ይዞ ከጠመንጃ ጋራ ገጠመ፤ ብዙ ሰውም አለቀ። የገጠር መሬት ለአራሹ የሆነው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር፥ የባሕር ኀይል አዛዥ የነበሩት የራስ ደስታ ልጅ እስክንድር ደስታ ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋራ ያለ ፍርድ ተገድለዋል። ባለቤታቸው ልዕልት ተናኘ ወርቅና ልጆቻቸው ልዕልቶቹም ከእስር ቤት የወጡት በ1980 ዓ. ም. ነው።