በብስክሌት ረጅም መንገድ ስለ መሄድና ስለ ሕመም ማስታገሻ ክኒን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት በብስክሌት የሚወርድ ጐልማሳ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ በሆነው በጣርማ በር ብርዱ እጁን ያደነዝዘዋል፤ ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ይፋት ቆላ ሲደርስ ግን ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊቱን ይመታዋል። በዚያን ጊዜ ጉልበቱና ወገቡ ስለሚያመው ከኪሱ ክኒን አውጥቶ ይውጣል። ነገራችን ስለዚያች ክኒን ነው።

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የተባሉት መድኃኒቶች ሕመምን የሚያስታግሡት በሰውነት ውስጥ ያለውን ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ነገር በመቀነስ ነው። ዳሩ ግን ይኸው ነገር ጨጓራን ከመቍሰል ይጠብቃል፤ ውሃ በጐደለ ጊዜም የኩላሊትን የደም ሥር ከፍቶ ያኖራል። በቆላ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ደሙ ወደ ቆዳውና ወደ ጡንቻው ስለሚሄድ ለኩላሊቱ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ በዚህ ላይ ክኒኑ ሲጨመር ኩላሊቱ ሊጐዳ ይችላል። ጥቅሙም ቢሆን እንደሚታሰበው አይደለም። በካሊፎርኒያ 160 ኪሎ ሜትር በሮጡ ሰዎች ላይ በተደረገ ምርመራ፥ አይቡፕሮፌን የዋጡት ሰዎች ሕመም ካልዋጡት ሕመም አላነሰም።

ትራማዶል የሚባለው ደግሞ ያፈዝዛል፤ ሱስም ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዙር 6ኛ ወጥቶ የነበረው የኮሎምቢያው ናይሮ ኪንታና በደሙ ስለ ተገኘበት ውጤቱ ተሠረዘ። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮም በማናቸውም ስፖርት በውድድር ጊዜ የተከለከለ ሆኗል።

ጉልበት ከፊት ቢያም ብዙ ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሎ ነው፤ ከኋላ ቢያም ከፍ ብሎ ነው። ይህን ለማቅናት አንድ የብሎን መፍቻ ይበቃል። ክኒን የግድ ካስፈለገም፥ ከጉዞው በኋላ ውሃ ጠጥቶ ፓራሲታሞል መውሰድ ይሻላል፤ እርሱም ጤነኛ ለሆነ ሰው በ24 ሰዓት ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ማለፍ የለበትም። አረቄ ለሚያዘወትር ይህም ይበዛበታል።

ለይፋት መንገደኛ ግን ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ወባ ነው። የብስክሌት ድካም በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል፤ ወባ ግን ትንኟ ከነከሰች ከሳምንት በኋላ ይነሣል። ልጁ ከቆላ ተመልሶ ሰነባብቶ ቍርጥማትና ብርድ ብርድ ሲለው እናቱ «የዚያ የብስክሌት ጣጣ ነው» ብላ ክኒን ትሰጠዋለች። ትኩሳቱም ለጥቂት ሰዓት ይበርዳል። እኛ በፍርድ ቤት ያየነው ይህንኑ ይመስላል፤ ባለ ጉዳዩ ምስክሩን ዝም ቢያሰኝም ነገሩ በመዝገብ እንዳለ ይቈያል። ስለዚህ ደሙን በዚያው ቀን ማስመርመር ይገባል። የዋጠውንም ክኒን ስምና ሰዓት ለሐኪሙ መንገር አይዘንጋ፤ ትኩሳቱ በክኒን በርዶ ሲገኝ ሐኪሙም ሊሳሳት ይችላልና።