የፔሌት ምድጃ የሚጸዳው ለአየሩ ነው

በሰሜን ጣሊያንና በአሜሪካ ቀዝቃዛ ግዛቶች ብዙ ቤተሰብ የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው በፔሌት ምድጃ ነው። ፔሌት ከደረቀ ሰጋቱራ በኃይል ታምቆ የሚሠራ፣ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማገዶ ነው። ጠመዝማዛ ዘንግ ፔሌቱን ከማጠራቀሚያው እየሳበ በተበሳሳ የብረት ሳህን ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይጥለዋል፤ ማራገቢያው ደግሞ አየሩን በቀዳዳዎቹ አሳልፎ ጭሱን ወደ ውጭ ያስወጣል። ማገዶውና አየሩ በልክ ሲገናኙ እሳቱ ከሞላ ጎደል ያለ ጭስ ይነዳል። ስለዚህ የዚህን ምድጃ ጽዳት እንደ ተራ የቤት አያያዝ ማየት ትክክል አይመስለኝም፤ አመዱን የሚጠርግ ሰው የአየሩን መንገድ እየከፈተ ነው።

«ፔሌት አመዱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ታዲያ በየቀኑ መጥረግ ምን ይሉታል?» የሚል ሙግት ይነሳል። ሒሳቡ እውነት ነው። በአውሮፓ ኤ1 የሚባለው ደረጃ የተሰጠው ፔሌት አመዱ ከክብደቱ 0.7 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ 15 ኪሎ የሚመዝን አንድ ከረጢት ቢበዛ 105 ግራም አመድ ይተዋል ማለት ነው። ችግሩ ይህ ጥቂት አመድ የሚያርፈው አየሩ በሚገባባቸው ቀዳዳዎች ላይ መሆኑ ነው። በእንጨት አመድ ውስጥ ፖታሲየም አለ፤ ከቅርፊትና ከአሸዋ ከሚመጣው ሲሊካ ጋር ሲገናኝ የሲሊካውን መቅለጫ ሙቀት ያወርደዋል። ቀልጦ የረጋው አመድ መስታወት መሰል ጓል ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። አየሩ ሲያንስ ብዙዎቹ ምድጃዎች ማገዶውን አይቀንሱም። አጭርና ደማቅ የነበረው ነበልባል ረዝሞና ደብዝዞ ይዋልላል፣ የበሩም መስታወት ጥቀርሻ ይለብሳል። ያው ጥቀርሻ ሙቀቱን ለክፍሉ በሚያቀብሉት ቱቦዎች ላይ ሲጋገር ሙቀት ስለማያስተላልፍ፣ በገንዘብ የተገዛው ሙቀት በጭስ ማውጫው ይሄዳል።

አንዳንድ አዳዲስ ምድጃዎች ራሳቸውን ያጸዳሉ መባሉም በከፊል ብቻ የሚያስኬድ ነው። ማራገቢያው ፈጥኖ እየዞረ የላላውን አመድ ያባርራል፤ የረጋውን ግን አይነቅልም፣ ያባረረውም ከኋላ ባሉት መተላለፊያዎችና በጭስ ማውጫው ውስጥ ይከማቻል። ሳህኑ በየቀኑ፣ ምድጃው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ቀዳዳው ሁሉ ብርሃን እስኪያሳልፍ መፋቅ አለበት። የወጣው አመድ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ከቤት ውጭ ይቀመጥ፤ በአመድ የተዳፈነ ፍም ሳይሞት እንደሚያድር እሳት አዳፍና የምታሳድር እናት ሁሉ ታውቃለች፣ ለቀናትም ሊቆይ ይችላል። ተራ የአቧራ መሳቢያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የተደበቀ ፍም ከረጢቱን ሊያቀጣጥል ይችላል፣ ደቃቁም አመድ በማጣሪያው አልፎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል።

ከሁሉም የከበደው ጉዳይ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። በዝግ ክፍል የተተወ ከሰል ሰው የሚገድለው በዚሁ ቀለምም ሽታም በሌለው ጋዝ ነው፤ አየር ያነሰው ቃጠሎ ሁሉ ያመነጨዋል። ምድጃው የግፊት መቆጣጠሪያ ስላለው መንገዱ ሲዘጋ ራሱ ይጠፋል የሚሉ አሉ። መቆጣጠሪያው ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው መዘጋቱ ከበረታ በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ የተበላሸውን ቃጠሎ አያርመውም። በዚያ ላይ ከማራገቢያው ወዲያ ያለው ቱቦ ጭሱን የሚያወጣው በግፊት ስለሆነ መጋጠሚያው ቢላላ ጭሱ ወደ ቤት ይገባል። ቱቦው ቢያንስ በዓመት አንዴ በባለሙያ መጠረግና መታየት፣ ከመኝታ ክፍል አጠገብም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል መኖር ያለበት ለዚህ ነው። ይህ ዓመታዊ ጽዳት ብርዱ እንዳለፈ ቢደረግ ይሻላል፤ ሳይጠረግ የከረመ አመድ እርጥበት እየሳበ ብረቱን መብላት ይጀምራል።