ከከረን ያልተመለሱት የባርዳ ሱበዳር

ባርዳ በሰሜን ሕንድ፣ በዛሬዋ የሃርያና ግዛት የምትገኝ መንደር ናት። የልጇ የሱበዳር ሪችፓል ራም ስም ግን ከባሕር ማዶ፣ በኤርትራዋ ከረን በድንጋይ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ከረንን ለጣሊያን ጦር ምሽግ ያደረጓት ተራሮቿ ነበሩ። ወደ አስመራ የሚወስደው መንገድ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ሸንተረሩን የያዘ ወገን መንገዱንም ያዘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1941 ለ8 አጥቢያ፣ በግንባር ቀደምትነት የተሰለፈው የራጅፑታና ሻምበል አዛዥ ቆሰለ። ምክትሉ ሪችፓል ራም አመራሩን ተረክበው 30 ያህል ሰዎችን አስከትለው ከሸንተረሩ ደረሱ። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስድስት የመልሶ ማጥቃት ጥቃቶችን መከቱ። ጥይት ባለቀ ጊዜም የተረፉትን ጥቂቶች በጠላት መካከል እየተዋጉ ይዘው ወጡ።

ይህ ብቻውን ለአንድ ወታደር በበቃ ነበር። እርሳቸው ግን በፌብሩዋሪ 12 ቀን ወደዚያው ስፍራ ጥቃቱን መርተው ተመለሱ። ቀኝ እግራቸው ተቆርጦ ከወደቁ በኋላም ጓዶቻቸውን ወደፊት እንዲገፉ ሲያበረታቱ ሕይወታቸው አለፈ።

ከረን የተያዘችው ከ43 ቀናት በኋላ ነው። በሜይ 5 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ኢትዮጵያ አርበኞቿን በሚገባ ታወሳለች፤ ከሕንድ መንደሮች መጥተው የወደቁት ግን እምብዛም አይነሱም።

የቪክቶሪያ መስቀል ኒሻናቸው ለባለቤታቸው ተሰጠ። ሂንዱ በመሆናቸው መቃብር የላቸውም፤ በከረን የጦር መካነ መቃብር ውስጥ አስከሬናቸው ለተቃጠለ ወታደሮች በቆመው መታሰቢያ ላይ ስማቸው አለ።