ርካሽ ሞኒተር ስትገዙ በአማርኛ ፈትኑት

"ለቤት የሚሆን፣ ዋጋው የማይጎዳ ሞኒተር የቱ ነው?" የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ግምገማዎች ስለ ጌም ፍጥነትና ስለ ቀለም በሰፊው ያወራሉ። በአማርኛ ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰው ግን እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል ወይ?

ፊደሎቻችንን የሚለዩት ትንንሽ ምልክቶች ናቸው። "ቢት" እና "ቤት" የሚለያዩት አንዱ ጭረት፣ ሌላው ቀለበት ስላለው ብቻ ነው። "ጠ" እና "ጨ"ም እንደዚያው። ጽሑፉ ሲያንስ ለቀለበቷ ቀዳዳ የሚደርሳት ፒክሰል በጣም ጥቂት ስለሆነ በቀላሉ ትደፈናለች።

እስቲ እናስላው። የወርዱንና የቁመቱን ፒክሰል እያንዳንዱን በራሱ አባዙና ደምሩ፤ የድምሩን ስኩዌር ሩት በኢንች መጠኑ አካፍሉ። 1920 በ1080 የሆነ 24 ኢንች ሞኒተር በአንድ ኢንች 92 ፒክሰል ገደማ አለው። ያው 1920 በ1080 ወደ 27 ኢንች ሲለጠጥ 82 ብቻ ይሆናል። 2560 በ1440 የሆነ 27 ኢንች ግን 109 ይደርሳል። ስለዚህ "በትንሽ ጭማሪ ትልቁን ውሰዱ" ስትባሉ፣ የጨመረው የፒክሰሉ ስፋት እንጂ ብዛቱ ላይሆን ይችላል።

ሁለቱን ባለ 1080 ሞኒተሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ በኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ በ12 ፒክሰል "ሊ ሌ፣ ቢ ቤ፣ ሲ ሴ፣ ጠ ጨ" ብዬ ጻፍኩ። በ24ቱ ላይ ሁሉንም ለይቼ አነበብኩ። በ27ቱ ላይ ፊደሉ ተለቅ ቢልም ጠርዙ ሻካራ ሆኖ ዓይን ያደክማል። ማክ የምትጠቀሙ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ በ2018 ከወጣው ሞሃቪ ጀምሮ ማክኦኤስ የሰብፒክሰል ማለስለሻን ስለተወ ፒክሰሉ በሳሳ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ይደበዝዛል። ዊንዶውስ ላይ ክሊርታይፕን ማስተካከል ይረዳል።

ቀጥሎ የፓነሉን ዓይነት እዩ። ቪኤ ጥቁሩ ይጠቁራል፤ ንጽጽሩ 3000 ለ1 አካባቢ ሲሆን የተለመደው አይፒኤስ 1000 ለ1 ገደማ ነው። አይፒኤስ ግን ከጎን ሲታይ ቀለሙ እምብዛም አይለወጥም። ቤተሰብ ተሰብስቦ ለሚያይበት ቤት እኔ አይፒኤስን እመርጣለሁ። ቲኤን ከሆነ እለፉት።

ካርቶኑ ላይ ያለው "1 ሚሊሰከንድ" ለቤት ሥራ ለውጥ የለውም። በርካሽ ሞኒተር ላይ የተለጠፈ "ኤችዲአር"ም ብዙውን ጊዜ ሲግናሉን ይቀበላል ማለት ብቻ ነው፤ የሚያሳይበት ብርሃን የለውም። ይልቅ ከጀርባው የቬሳ ቀዳዳዎች መኖራቸውን እዩ፤ መቆሚያው ከፍ ዝቅ ባይል በክንድ ትሰቅሉታላችሁ። ለአገር ቤት የምትልኩት ከሆነ ደግሞ ኃይል ማቅረቢያው ላይ "100–240 ቮልት" የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው።

በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ 24 ኢንች፣ 1080፣ አይፒኤስ ይበቃል። 27 ካማራችሁ 1440 የሆነውን እስክትደርሱበት ታገሡ። መተግበሪያ የምትሠሩ ደግሞ የአማርኛ ጽሑፋችሁን ውድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ አትዩት፤ ተጠቃሚያችሁ የሚያነበው በዚህ ዓይነት ስክሪን ሊሆን ይችላል። የገዛችሁትን ሞኒተር የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ከላይ ባለው የፊደል መስመር ፈትኑት፤ "ቢት"ን ከ"ቤት" ለመለየት ዓይናችሁን ካጠበባችሁ መልሱት።