ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፉና የማያስተላልፉ ቁሶች ልዩነት ለሥራ ቦታ ደህንነት ያለው ፋይዳ

የኤሌክትሪክ ኃይል ከማመንጫ ጣቢያ ተነስቶ መሥሪያ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች የሚደርሰው ሁለት ዓይነት ቁሶች በጋራ በሚሰጡት አገልግሎት ነው። የመጀመሪያዎቹ ኃይሉን የሚያስተላልፉት እንደ መዳብና አሉሚኒየም ያሉ ብረታ ብረቶች ሲሆኑ፣ ሁለተኛዎቹ ኃይሉ ከመስመሩ እንዳይወጣ የሚያግዱት ጎማ፣ ፕላስቲክ፣ ሸክላና መስታወት ናቸው።

ልዩነቱን እ.ኤ.አ በ1729 በሙከራ ያሳየው እንግሊዛዊው ስቴፈን ግሬይ ነው። ግሬይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ረጅም ገመድ በሐር ክር ሲያንጠለጥለው ሙከራው የተሳካ ሲሆን፣ በናስ ሽቦ ሲያንጠለጥለው ግን ኤሌክትሪኩ በሽቦው በኩል አምልጧል።

የዚህ ምክንያቱ በብረታ ብረት ውስጥ ከአቶም ወደ አቶም በነጻነት የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች በብዛት መኖራቸው ነው። በጎማና በፕላስቲክ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ግን ከአቶሞቻቸው ጋር በጥብቅ የተሳሰሩ ናቸው።

አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት ሲለካ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ያህል ቢሆንም፣ ክብደቱ ከመዳብ ሲሶ ስለማይበልጥ ለረጅም ርቀት መስመሮች ተመራጭ ሆኗል። ከታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ እንደተዘረጋው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ባሉት ላይ፣ ሽቦው ከብረት ምሰሶው ጋር እንዳይገናኝ የሚለዩት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ማንጠልጠያዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ የማገድ አቅም ዘላቂ አይደለም። ደረቅ እንጨት ኤሌክትሪክን በእጅጉ የሚገታ ቢሆንም ሲርስ ያስተላልፋል። ንጹህ ውሃ በራሱ ደካማ አስተላላፊ ሲሆን፣ የቧንቧና የዝናብ ውሃ ግን በውስጡ በሟሙት ጨዎች ምክንያት ያስተላልፋል።

የሰው አካልም ከዚሁ ሕግ ውጪ አይደለም። ቆዳ ሲርስ የመከላከል አቅሙ ወደ 1 ሺህ ኦም ሊወርድ ይችላል። በዚህ ሁኔታ 220 ቮልት የነካው ሰው 220 ሚሊ አምፔር ያህል ኮረንቲ በአካሉ ያልፋል። የልብ ምትን ለማዛባት ደግሞ 100 ሚሊ አምፔር እንኳ ሊበቃ ይችላል።

በመሆኑም የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተላጡ ሽቦዎችንና የተሰነጠቁ ሶኬቶችን በወቅቱ በባለሙያ ማስቀየር፣ የመሬት ሽቦ መዘርጋቱን ማረጋገጥና በአንድ ማራዘሚያ ላይ ብዙ መሣሪያ እንዳይሰካ መቆጣጠር ይጠበቅባቸዋል። ሠራተኞችም በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው በእጃቸው ከመንካታቸው በፊት ኃይሉን ከቆጣሪው ማጥፋት ይኖርባቸዋል።